መለዋወጫው ጠፋ ያለው ማነው?

ሰሞኑን በቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ አንድ የትራንስፖርት ባለሙያ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያስቆጠረ የናፍታ መኪና ላይ ዛሬ ገንዘብ ማውጣት ብርን ጉድጓድ ውስጥ መጣል ነው ብለው አረፉት። መለዋወጫው ጠፍቷል፣ ጥገናው ያደኸያል፣ ስለዚህ ሸጦ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ነው አሉ። አወያዩም አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጣቸው። እኛ ግን ጅማ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳቅን። በሩ ላይ ከቆሙት መኪኖች ሦስቱ ሀርድ ቶፕ የምንላቸው አሮጌ የናፍታ ላንድክሩዘሮች ነበሩ፤ ሦስቱም ሲነጋ እሸት ቡና ሊጭኑ ይወጣሉ።

ከመለዋወጫው ልጀምር፣ ያሳቀን እሱ ነውና። ገጠራችንን የሞላው የላንድክሩዘር ሞተር፣ መካኒኮች ባጭሩ «ኤች ዜድ» የሚሉት ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር፣ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ቶዮታ ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሞተር ጥሎ ስንቱን አነሳ፤ ይህንን ግን ሠላሳ ዓመት ካለፈም በኋላ ለአፍሪካ በሚልካቸው አዳዲስ ሀርድ ቶፖች ላይ ሲገጥመው ነበር። የአዲስ መኪና ሞተር ዕቃ ደግሞ በምን ተአምር ይጠፋል? ጠዋት አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ እደውላለሁ፣ ዕቃው ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል፣ 350 ኪሎ ሜትሩን ተጉዞ ማታ መናኸሪያ እቀበለዋለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ኢንቨርተር፣ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚለውጠው ዕቃ፣ ቢቃጠልብኝ ለየትኛው ረዳት ልደውል?

ዕቃው ይቅር፤ ትልቁ ነገር እጅ ነው። ኤች ዜድ ኮምፒውተር የለውም። ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ በብረትና በሞላ ይሠራል፣ ባትሪው ቢደክም ዳገት ላይ ያደረ መኪና ቁልቁል ተለቆ ይነሳል። የሠፈራችን መካኒክ፣ ትልቅ ትንሹ «አባባ» የሚለው ሰው፣ ሞተሩ እየሠራ የናፍታ ቱቦዎቹን ተራ በተራ ላላ ያደርጋል። አንዱን ሲያላላ ድምፁ ካልተለወጠ በሽተኛው ሲሊንደር እሱ ነው። ይኼው ነው ምርመራው። ላፕቶፕ የለ፣ ኮድ የለ፣ «ሲስተም የለም» የለ። ያውም ይህን ጥበብ ጋራዡ ውስጥ ቁልፍ የሚያቀብለው የ15 ዓመት ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል፤ ነገ የራሱን ጋራዥ ይከፍታል። ባለሙያው ሽጡት የሚሉት መኪናውን ብቻ መስሏቸው ይሆናል፤ አብሮት የሚሸጠው ግን የእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። የማይከፈት ሣጥን የተገጠመለት መኪና ሲመጣ አባባ ምን ይሠራል? ጎማ ይነፋል።

አሮጌ ናፍታ ሁሉ እንዲህ ነው አላልኩም። ባለሙያው ይህን ለይተው ቢናገሩ ኖሮ እጅ እነሳቸው ነበር። በፈረንጆቹ 90ዎቹ የወጣውን ፕራዶ ከነ1ኬዜድ ሞተሩ ገዝቶ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ያልተሰነጠቀበት ሰው ዕድለኛ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሞተር፣ 1ኬዲማ የባሰ ነው። ናፍታ የሚረጨው ኖዝል ሥር ያለው የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) ሲያፈስ ጭሱ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ጥቀርሻው የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩ ያለ ዘይት ነክሶ ይቆማል። እንዲህ ያለው ኮመን ሬል፣ ናፍታን በከፍተኛ ግፊት በኮምፒውተር የሚረጭ ሞተር፣ ንጹሕ ናፍታ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ የምንቀዳው ከበርሜል ነው፣ ውሃም ነጭ ጋዝም የጎበኘው። ስለዚህ አሮጌ ስትገዙ በደንብ አሮጌ ግዙ!

ጥገናው ያደኸያል ለሚለው፦ ያደኸየው ማንን ነው? ደላላ አሙቆ ያቆየውን ሞተር አይቶ የገዛውን። እኔ ሄጄ መጀመሪያ ኮፈኑ ላይ እጄን አሳርፋለሁ፤ ከሞቀ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ ብዬ እሄዳለሁ። ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው እውነቱ የሚወጣው። ከዚያ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው፤ እንደ ጀበና የሚተነፍስ ከሆነ የፒስቶኑ ፋሻ አልቋል። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማስተያየት ነው። ከገዙ በኋላም በየ5 ሺሕ ኪሎ ሜትሩ ዘይት መቀየር፣ የናፍታ ፍልትሮውን ውሃ ማፍሰስ፣ ራዲያተር ውስጥ የአዌቱን ወንዝ አለመገልበጥ ነው። በየ100 ሺሕ ኪሎ ሜትሩ ቺንጋ፣ የሞተሩን ቫልቮች ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ፣ ይቀየራል፤ ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፣ ያኔ በእርግጥም ያደኸያል። ጥፋቱ ግን የሞተሩ አይደለም።

ይጨሳል ይላሉ። አዎ፣ ይጨሳል። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ይታፈናል። በዚያ ላይ የአየር ፍልትሮው አቧራ ከጠገበና ፖምፓው ካልተስተካከለ ደግሞ ከተማውን ያጠቁረዋል። መፍትሔው ፖምፓ ማስተካከል እንጂ መኪና መቅበር አይደለም።

ስለ ጉድጓዱም አንድ ነገር ልበል። በ2012 የኤክሳይዝ አዋጁ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፤ በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር ለገበያ ተለቀቀ። ታዲያ አገር ውስጥ የቀረው ሀርድ ቶፕ ዋጋው ወረደ ወይስ ጣሪያ ነካ? ባለቤቱ ከገዛበት በላይ የሚሸጥበት ጉድጓድ ካለ፣ ለእኔም አንድ ይቆፈርልኝ።

እዚሁ ጅማ ከተማ ውስጥ ከአጂፕ መርካቶ ለሚመላለስ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ይሆነው ይሆናል፤ አልከራከርም። ግን በሐምሌ ጭቃ ወደ ጌራ ወይም ወደ ዴዶ ቀበሌዎች ውጡበት፣ ከዚያ የት ይሞላል? 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ደጃችን ላይ ሆኖ እንኳ ዝናብ ባጉረመረመ ቁጥር ሻማ የምንፈልግ ሰዎች ነን። ቆዩ ብቻ፤ አንድ ቀን ያ የሚያብረቀርቅ መኪና ባትሪው ሞቶ የአንዱ ጓሮ የዶሮ ቤት ሲሆን ታያላችሁ።

የእኔዋ 100 ሺሕዋን ልትሞላ ሁለት ሺሕ ኪሎ ሜትር ቀርቷታል። ጠፍቷል የተባለው ቺንጋ ትናንት ማታ በአውቶቡስ ገብቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት አባባ ጋ ነኝ።