«ጉድጓድ መቆፈር ምህንድስና አይደለም» ላሉን

የገጠር መጸዳጃ ቤቶችን ንድፍ ሲያጠኑ የኖሩ አንድ የምህንድስና ፕሮፌሰር ያቀረቡት የምርምር በጀት ጥያቄ ሰሞኑን ውድቅ መደረጉ ሳያንስ፣ ከወሰነው ኮሚቴ አባላት አንዱ «ጉድጓድ መቆፈር ምህንድስና አይደለም፤ ማንም ሰው ዶማ ይዞ የሚሠራው ነው» ብለዋል። ውሳኔውን የገንዘብ እጥረት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አነጋገሩን ግን ማለፍ አይቻልም፤ ተናጋሪው ራሳቸው መሐንዲስ ናቸውና።

እስቲ ዶማውን ያንሡት። የከርሰ ምድር ውሃ ለማይደርስበት ደረቅ የመጸዳጃ ጉድጓድ ንድፍ በአንድ ሰው በዓመት እስከ 60 ሊትር የዐይነ ምድር ክምችት ይታሰባል፤ ስድስት ሰዎች ለሚኖሩበት ቤት በ10 ዓመት 3.6 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ጎንና ጎኑ አንድ አንድ ሜትር ከሆነ፣ ከላይ ባዶ መተው ያለበት ግማሽ ሜትር ሲጨመር ጥልቀቱ ከአራት ሜትር ያልፋል። በዚያ ጥልቀት አፈሩ ሳይናድ ይቆማል? የከርሰ ምድር ውሃው በዝናብ ወራት እስከ የት ይወጣል? ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር መራቅ በቂ ነው የሚባለው የተለመደ ልክ፣ ቆሻሻው በዐለት ስንጥቅ ሩቅ በሚጓዝበት መሬት ላይ ምን ዋስትና አለው? ዶማ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም።

ሌላው ሁሉ ይቅርና ስለ ዝንብ ብቻ እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር፣ በብሌር የምርምር ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ፒተር ሞርጋን ከጉድጓዱ ተነሥቶ ከጣሪያ በላይ የሚወጣ አንድ ቧንቧ ጨመሩ፤ አናቱንም በወንፊት ሸፈኑት። በቧንቧው አፍ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ አየሩን ከጉድጓዱ ስቦ ስለሚያወጣ ሽታው ወደ መጸዳጃ ቤቱ መመለሱ ይቀራል። ጉድጓዱ ውስጥ የተፈለፈለው ዝንብ ደግሞ ብርሃን ፈላጊ ነው፤ ቤቱ ጨለም እስካለ ድረስ ከታች ሆኖ የሚያየው ብርሃን የቧንቧው አናት ብቻ በመሆኑ ወደዚያው ይወጣል፣ ወንፊቱ ያግደዋል፣ እዚያው ይሞታል። በ78 ቀናት ቆጠራ ቧንቧ ከሌለው መጸዳጃ ቤት 13,953 ዝንቦች ሲያዙ፣ በሌላው ነገር ሁሉ ተመሳሳይ ሆኖ ቧንቧ ካለው የተያዙት 146 ብቻ ነበሩ። አሁን ደግሞ ያው «ማንም ሰው» ይሥራው፤ ቧንቧው ከቀጠነ አየሩ አይሳብም፣ ወንፊቱ ተራ ሽቦ ከሆነ ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ አዝጎ ይበላዋል፣ ለቤቱ ሰፊ መስኮት ከተከፈተለት ዝንቡ ቧንቧውን ትቶ በመቀመጫው ቀዳዳ ተመልሶ ወደ ምግቡ ይሄዳል። ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ውሃ፣ ያለ ጠባቂ ቴክኒሻን፣ በነፋስና በብርሃን ብቻ ለዓመታት እንዲሠራ የሚጠበቅ ሌላ መሣሪያ ካለ ኮሚቴው ይጥቀስልን! ሞርጋን በሙያቸው የሥነ ሕይወት ባለሙያ መሆናቸውን የሚያነሣ አይጠፋም። ያ መሐንዲሶችን ቢያሳፍር እንጂ ነጻ አያወጣም።

የኮሚቴው ተከላካዮች «ችግሩ የአስተሳሰብ ነው፤ ሕዝቡን ማሳመን ይበቃል» ይላሉ። ማሳመን እንደሚያስፈልግ አልክድም፤ የልማት ባለሙያው ካማል ካር ከባንግላዴሽ መንደሮች የጀመሩት፣ ነዋሪው ራሱ ተነሣሥቶ ሜዳ ላይ መጸዳዳትን እንዲተው የሚቀሰቅሰው ኅብረተሰብ መር ዘመቻም ያለ ምክንያት በዓለም አልተሠራጨም። ሆኖም ተመክሮ የቆፈረ አባወራ በመጀመሪያው ዝናብ ጉድጓዱ ከተናደበት፣ በሁለተኛው ዓመት የሚያሳምነው ሰው ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆኑት የኬንያ፣ የባንግላዴሽና የዚምባብዌ ሰፋፊ ሙከራዎች በመጸዳጃ ቤት፣ በእጅ መታጠብና በውሃ ሥራ ብቻ የሕፃናት ዕድገት የሚለካበት ቁመት እንዳልጨመረ ማሳየታቸውም ይጠቀስብኝ ይሆናል። ለእኔ ይህ ርካሹና ግምታዊው ጉድጓድ እንዳልበቃ፣ ከዚህ የተሻለ ንድፍ እንደሚያስፈልግ የሚመሰክር ነው፤ በጀት ለመከልከል ሳይሆን እጥፍ ለማድረግ ምክንያት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ 419 ሚሊዮን እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ገምተዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የንጽሕና አገልግሎትን ሰብአዊ መብት ብሎ ካወቀው ከ2010 ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎ ማለት ነው። ፕሮፌሰሩ ድልድይ ይዘው ቢመጡ ኖሮ ተነሥቶ የሚያጨበጭብ ኮሚቴ፣ ዐይነ ምድር የሚል ቃል ሲያነብ አፍንጫውን ይዞ ወስኗል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ፕሮፌሰሩ ለመለካት ያቀዱት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታ የሚታየው በዝናብ ወራት ነው። ውሳኔው በይግባኝ ቢሻር እንኳ የይግባኙ ቀጠሮ ዝናቡ ካባራ በኋላ ስለሆነ፣ የዘንድሮው ልኬት አልፏል።