ምስጋና ዝም ላለችው ፕሮግራም

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። መሥሪያ ቤታችን ይህን ተረት ግድግዳ ላይ አልሰቀለም። ምን ያደርግለታል? ኮምፒውተሮቹ በተግባር ይኖሩታል።

በተለይ አንዲት ፕሮግራም አለችን። ወር በገባ ቁጥር ከየቅርንጫፉ የመጡትን የኤክሴል ፋይሎች ትለቅማለች፣ ትደምራለች፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ትልካለች። ሦስት ሰው ሁለት ቀን የሚያለፋ ሥራ በአራት ደቂቃ። የጻፋት አንድ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ። ልጁ አሁን ውጭ አገር ነው። የተጻፈችበት ጽሑፍ፣ ኮዷ የሚባለውም፣ ላፕቶፑ ውስጥ እንዳለ አብሮት ተሳፍሯል። እኛ ጋ የቀረችው ተጠቅልላ አንድ ፋይል የሆነችው ናት። ጠቅ ታደርጋታለህ፣ ትሠራለች። ወይም አትሠራም። እሱን እግዜር ያውቃል።

ድሮ እንዲህ ጨዋ አልነበረችም። ስትነሳ ጥቁር መስኮት ትከፍትና ትለፈልፍ ነበር። «ይህን ፋይል ከፈትኩ»፣ «ይኼኛው ቅርንጫፍ አልላከም»፣ «መስመር 40 ላይ ቁጥር መሆን ሲገባው ፊደል አለ»። አንድ ቀን የሒሳብ ክፍሏ እትዬ አዩአትና ደነገጡ። «ይሄ ጥቁር ነገር ምንድነው እንዲህ የሚለፈልፈው? ቫይረስ እንዳይሆን!» አለቃችንም ፈረዱ። «ዝም አሰኛት» አሉት ልጁን።

ዝም አሰኛት። ፓይኢንስቶለር በሚባለው መሣሪያ ሲጠቀልላት «ኖኮንሶል» የምትል ቃል ጨመረ፣ ጥቁሩ መስኮት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ኮዱ ውስጥ «ፕሪንት»፣ ማለትም «ስክሪን ላይ አሳይ»፣ የተባለ ነገር ሁሉ የሚሄደው ወደ የትም ነው። ስክሪን የለ፣ ሰሚ የለ፣ «አልሰማኸኝም እንዴ» ብሎ ስህተት የሚያወጣም የለ። ይህ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየቦታው «ኤክሰፕት፣ ፓስ» የሚሉ ሁለት ቃላት ሰክቶባታል። በእኛ ቋንቋ «ችግር ካለ፣ እለፈው» ማለት ነው። ሰው ቤት ገብቶ የተሰበረውን ብርጭቆ እንዳላየ ማለፍን የሚያህል ጨዋነት አለ? ይህን መስመር የሚጽፍ ፕሮግራመር ያሳደጉት ወላጆቹ ይመስገኑ።

«ሎግ የሚባለው የሥራ መዝገብስ የላትም?» የምትሉ አላችሁ። ሐሜት ነው። አላት! ልጁ በምስጢር ሠርቶላታል። የሠራችውን ሁሉ ከነሰዓቱ ትጽፋለች። ብቻ የት እንደምትጽፈው ስሙኝ። ባለ አንድ ፋይል ሆና የተጠቀለለች ፕሮግራም ስትነሳ ዕቃዋን በሙሉ ዊንዶውስ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ትዘረግፋለች። ልጁ ሎጉን «ከኮዱ ጎን» ጻፍ ብሏታል። ኮዱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ያለው እዚያው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያ ትጽፋለች። ሥራዋን ስትጨርስ ፎልደሩን ከነሎጉ ጠራርጋ ትሰርዘዋለች። ቃለ ጉባኤውን በሚያምር እጅ ጽፎ፣ ስብሰባው ሲያልቅ ወረቀቱን አኝኮ የሚውጥ ጸሐፊ አስቡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የእኛዋ ይህን ተረት አፍርሳዋለች።

ፕሮግራሟ ራሷ የተቀመጠችበትን ፎልደር «ሲስ ዶት ኤግዚኪዩተብል» ብሎ ጠይቆ እዚያ ማጻፍ ይቻል ነበር። አንድ መስመር ኮድ ናት። ታዲያ ሎጉ ዴስክቶፕ ላይ ተገትሮ ሰው ሁሉ ሊያየው ነው? ገመና ነው እኮ!

ጎረቤታችን ያለው ቢሮ ደግሞ ከእኛ ይብሳል፣ ማለቴ ይበልጣል። የእነሱ ፕሮግራም በሌሊት፣ በሰዓቱ በሚቀሰቅሳት የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ነው የምትነሳው፣ ያውም በአድሚን ሥልጣን። «ስታርት ኢን»፣ ማለትም «ከየትኛው ፎልደር ልነሳ?» የምትለውን ሳጥን ባዶ ስለተዋት ሎጉ የዊንዶውስ ሆድ ዕቃ የሆነው ሲስተም 32 ውስጥ እየገባ ተቀምጧል። በሺህ የሚቆጠሩ የሲስተም ፋይሎች መሃል። ከአንድ ዓመት በኋላ ያገኙት ሌላ ነገር ሲፈልጉ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጨዋነታችን ልለፍ። ከታች በቀኝ በኩል ብቅ የምትለውን መስኮት ታውቋታላችሁ። «አፕዴት ተዘጋጅቷል» ትላለች። አሁን ወይስ «በኋላ አስታውሰኝ»? እኛ ቢሮ የመጀመሪያዋን የነካ ሰው ገና አልተወለደም። ሁለተኛዋ ግን ኪቦርድ ላይ ያለች ቁልፍ ብትሆን ኖሮ ጽሑፏ ድሮ ተፍቆ ያልቅ ነበር። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ዛሬም ዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ድጋፉን አቁሞለታል። እኛ ግን ወዳጅ ስለታመመ ጥለን አንሄድም።

ምክንያት የለንም እንዳትሉ። አፕዴት ዳታ ይበላል። መሃል ላይ ሲደርስ ደግሞ «ኮምፒውተሩን እንዳያጠፉ» ይላል። ለእኛ ምን ይነግረናል? ለመብራቱ ይንገረው! በዚህ እንኳ አልቀልድም፣ ግማሽ መንገድ ላይ መብራት ሄዶበት ሳይነሳ የቀረ ኮምፒውተር በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን መብራቱም ኔትወርኩም ሰላም በዋሉበት ቀን እጃችን የሚሄደው እዚያችው ቁልፍ ላይ ነው።

ለነገሩ ብቻችንን አይደለንም። ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያችው ቀዳዳ ገባ። በመካከሉ 59 ቀን አለ። 59 ቀን! ሁዳዴ እንኳ 55 ነው። ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ፣ ፈስኮ፣ አራት ቀን ዶሮ በልቶ፣ ከዚያ አፕዴት ማድረግ ይቻል ነበር። ቫይረሱ 150 በሚሆኑ አገሮች ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ። እንግሊዝ ውስጥ ከ236 የመንግሥት ጤና አስተዳደሮች ቢያንስ 81ዱ ተመሰቃቀሉ፣ የበሽተኛ ቀጠሮ በሺዎች ተሰረዘ። እዚያ ከተያዙት ማሽኖች አብዛኞቹ ያቺ አፕዴት ያልገባችላቸው ዊንዶውስ 7 ነበሩ። ቀጠሮ አክባሪ የሚባሉት እንግሊዞች እንደኛ «በኋላ» ሲሉ ማየት ልብ ይሞላል።

የእኛ ወገን ግን ትልቁ በዓሉ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ የተበላሸ አፕዴት ለቆ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖችን የጣለበት ቀን። አውሮፕላን ቆመ፣ ባንክ ቆመ። አለቃችን ዜናውን ከፍ አድርገው አስከፍተው «አላልኳችሁም?» አሉ። እኛ ምንም አልሆንንም። ፕሮግራሙን ገዝተነው አናውቅማ! አፕዴቱን መጀመሪያ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሞክሮ፣ ደህና ከሆነ ለሌላው ማዳረስ የሚባል ዘዴ እንዳለ ላነሳ ፈልጌ ነበር። የደስታ ሰዓት ስለነበር ተውኩት።

አሁን ደግሞ ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። «የሦስት ወር ሪፖርታችሁ የታለ?» ለሦስት ወር ዝም ብለው መቆየታቸውን እያደነቅን «ሲስተም የለም» አልን። ከዚያ አለቃችን ጠሩኝና «እስቲ ይህቺን ነገር እያት» አሉኝ።

ስትነሳ ጠበቅኳት። መላክ እምቢ ሲላት ደጋግማ እንደምትሞክር ልጁ ነግሮኝ ነበር። እዚያ መሃል ላይ ታስክ ማኔጀርን ከፍቼ በግድ ገደልኳት። በግድ የተገደለች ፕሮግራም ፎልደሯን የምትጠርግበት ጊዜ አታገኝም። ጊዜያዊ ፎልደሩ ውስጥ ገባሁ፣ ሎጉ እንዳለ ቁጭ ብሏል። እውነቱን ልናገር፣ አስከሬን የምመረምር ነው የመሰለኝ።

ሁሉም ነገር ተጽፏል። ፋይሎቹ ተከፍተዋል፣ ድምሩ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አምስት ጊዜ ተደጋግሟል፤ የሰርቨሩን ሰርቲፊኬት፣ መታወቂያው ማለት ነው፣ ማረጋገጥ አልተቻለም። ፕሮግራሟ ስትጠቀለል የዚያን ጊዜውን ፓይተን፣ የዚያን ጊዜውን የታማኝ መታወቂያ ሰጪዎች ዝርዝር ውጣ ነው የተዘጋችው። ሰርቨሩ ሰርቲፊኬቱን ቀየረ፣ እሷ አዲሱን ሰጪ አታውቀውም። ኮምፒውተሩን ብናድሰው እንኳ የእሷ ሆድ አይታደስም፣ ከአዲስ ላይብረሪ (ከምትጠቀምባቸው ዝግጁ የኮድ ክፍሎች) ጋር እንደገና መጠቅለል አለባት። ለዚያ ደግሞ ኮዱ ያስፈልጋል።

ለአለቃችን ሎጉን ከፍቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህቺ ነገር ይህን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረችም?» አሉ ተቆጥተው።

ከስክሪኑ ጥግ ትንሿ መስኮት ብቅ አለች። አለቃችን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳይነቅሉ ማውሱን ወስደው ዘጓት።