ባለቤቶቹ የሌሉበት ግቢ

ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን አመነታሁ። ውጭ አገር ሄዶ የመማር ዕድል ያገኘ ሰው ሲያማርር መስማት ደስ አይልም፤ ምስጋና ቢስ ያስብላል። ግን ውስጤ ስለተቃጠለ ልናገረው።

ለሦስት ሳምንት የክረምት ትምህርት ሄድን። ቋንቋ ልንማር፣ ካገሩ ተማሪዎች ጋር ልንውል። ማስታወቂያው ላይ የነበረው ፎቶ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ ሣር ላይ ክብ ሠርተው የሚሳሳቁ ተማሪዎች። ደረስን። ሣሩ አለ። ተማሪ የለም።

የለም ስል አላጋነንኩም። ክረምት ነዋ! ሁሉም ቤተሰቡ ጋ ሄዷል። የመመገቢያ አዳራሹ ግማሹ ተዘግቷል። ቤተ መጻሕፍቱ በጊዜ ይዘጋል። የግቢው መምህራን ወደየምርምራቸው ሄደዋል፤ እኛን ያስተማሩን ለክረምቱ ብቻ የተቀጠሩ ናቸው። (በእነሱ ቅሬታ የለኝም። የኛ አስተማሪ ከክፍል ሰዓት ውጭ ሳይቀር ቁጭ ብላ ታስረዳን ነበር።) ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። አልጋ የተገኘልን ዶርሙ ባዶ ስለሆነ ነው። ዶርሙ ባዶ የሆነው ልናገኛቸው የመጣናቸው ልጆች ስለሌሉ ነው። ይህን አዘጋጆቹ ሳያውቁት ቀርተው ነው? ፓሪስን የሚያውቅ ጠይቁ፤ በነሐሴ ነዋሪው ለእረፍት ይወጣል፣ ብዙ ሱቅ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ይዘጋል። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም።

ታዲያ ከማን ጋር ዋልን? እርስ በርሳችን። ሁላችንንም አንድ ፎቅ ላይ አስቀመጡን። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት አውቶቡስ፣ ማታ እራት አንድ ላይ። ከክፍል ከወጣን በኋላ የምናወራው በገዛ ቋንቋችን ነው። ምን እናድርግ? ሙዚየም ስንገባ አርባ ደቂቃ ይሰጡናል፤ ከዚያ አውቶቡሱ ጥሩምባ ይነፋል። ከአንድ ሥዕል ፊት ረጋ ብሎ የቆመ ልጅ "ኧረ ቶሎ በል!" ይባላል። ያገሩን ሰው ቀርበን ያወራነው ስንት ጊዜ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ የማስታውሰው አንድ ሰው ነው። ዶርሙን የሚያጸዱት ሴትዮ። በየጠዋቱ ኮሪደር ላይ ሰላም እላቸዋለሁ፣ የተሳሳትኩትን ቃል ቀስ ብለው ደግመው ይነግሩኛል። ዛሬ ሳላስብ ከአፌ የሚወጣው ያኔ እሳቸው ያረሙልኝ ነው።

የምደባ ፈተናው ደግሞ ሌላ ብሶት ነው። ሰባት ያህል የሰዓት ክልል ወደ ምሥራቅ አቋርጠን ማታ ደረስን፤ በማግስቱ ጠዋት ተፈተኑ ተባልን። ወደ ምሥራቅ መብረር ወደ ምዕራብ ከመብረር ይከብዳል። የሰውነታችን ሰዓት ለብዙ ሰው ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚበልጥ፣ ቀኑን ከማሳጠር ማስረዘም ይቀለዋል። ሰውነት እስኪለምድ ቀናት ይፈልጋል። እኔ ግን ጥያቄውን እያነበብኩ ዓይኔ ይከደን ነበር። ሁለተኛው የቋንቋ ደረጃ፣ ኤ2 ላይ የነበርኩት ልጅ የጀማሪዎቹ ኤ1 ተመደብኩ። ቀይሩኝ ብል ክፍሉ ሞልቷል ተባልኩ። በቃ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሜንና ዕድሜዬን መናገር ስማር ከረምኩ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃ አለው። ከኤ2 ወደ ቢ1 ለመሻገር በተለምዶ ከ150 እስከ 200 የትምህርት ሰዓት ያስፈልጋል ይባላል። እኛ በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ተማርን። ሲደመር 60 ሰዓት። ማስታወቂያው ግን "አፋችሁን ትፈታላችሁ" ብሎን ነበር። የጎደለውን የሚሞላው ከክፍል ውጭ ያለው ሰው ነበር። እሱን ነው ያጣነው።

መላ የሌለው ነገር ቢሆን ዝም እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም፣ ኢራስመስ እንኳ አሁን ከ5 እስከ 30 ቀን ለሚሆኑ አጫጭር ጉዞዎች ደንብ አለው፤ ከጉዞው ጋር በኢንተርኔት የሚካሄድ የጋራ ሥራ ግዴታ ነው። እኛስ ከመሄዳችን በፊት ካገሩ ተማሪዎች ጋር በስክሪን ብንተዋወቅ ምን ነበረበት? ጉዞው ትምህርታቸው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቢሆንስ? ወይ ከቤተሰብ ጋር ቢያኖሩን? ቢያንስ ከሰዓቱን ይተዉልን። ብቻችንን እንውጣ፣ መንገድ ይጥፋብን፣ ሰው እንጠይቅ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሻንጣችንን ይዘን አውቶቡስ እየጠበቅን ነው። አንዲት ልጅ የራሷን ሻንጣ እየጎተተች ወደ ዶርሙ መጣች። ቁልፍ የሚሰጠው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በቋንቋዋ ነገርኳት፤ ገባት። ከዚያ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀች፣ ምን እንደምማር ጠየቀች፣ እኔም ጠየቅኳት። ሌሎችም እየመጡ ነው አለችኝ። በስተኋላዬ አስተባባሪው ስሜን እየጠራ ነበር።