ቆርቆሮ መምታት ሌላ፣ ግዳይ መጣል ሌላ

ሰሞኑን እዚህ ቴክሳስ ያለ ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ፣ ሰውዬው ኮልት ዎከር በሚባል የጥንት ሽጉጥ ቅጂ መቶ ሜትር ላይ የተሰቀለ ብረት ቋ ቋ እያደረገ ይመታል። «አየህ አይደል፣ ዘንድሮ አጋዘን የማድነው በዚህ ነው» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ሰውዬው ስንቴ እንደሳተ ቪዲዮው ላይ የለማ።

ለማያውቃቸው ሰው፣ እነዚህ የጥንት ሽጉጥ ቅጂዎች ባሩድና የእርሳስ ኳስ ከፊት እየጠቀጠቅክ የምታጎርሳቸው ስድስት ጎራሾች ናቸው፣ ቀለህ ብሎ ነገር የላቸውም። ኦሪጅናሎቹ እነ ኮልት 1851 ኔቪ፣ 1860 አርሚ፣ ሬሚንግተን፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መሣሪያ ናቸው (አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የጠጧት ሽጉጥም የዛው የባሩድ ዘመን ናት)። ዛሬ የሚሸጡት ቅጂዎች ግን በአብዛኛው ጣሊያን አገር ብሬሺያ አካባቢ እነ ኡቤርቲና ፒየታ የሚሠሯቸው ናቸው።

«አይመቱም» የሚባለው ሐሜት ነው። ይመታሉ፣ ግን ከሳጥኑ እንዳወጣሃቸው አይደለም። ብዙዎቹ የጣሊያን ቅጂዎች ላይ ኳሱ የሚጎርስባቸው የሲሊንደሩ (የሚዞረው ከበሮ) ቀዳዳዎች ከበርሜሉ ጠበብ ይላሉ፣ ስለዚህ ኳሱ ሲገባ ዙሪያው ይላጭና በርሜሉ ጋ ሲደርስ ልክ እንደ ሰፊ ጫማ ይሆንበታል። ቀዳዳዎቹን በበርሜሉ ልክ ማስፋት የሽጉጡን ጠባይ ይቀይረዋል፣ እኔ እንደውም ለጌጥ እጀታ ከሚወጣ ብር እዚህ ላይ ቢወጣ እላለሁ። ባሩዱም አፍ እስኪሞላ አይደለም፣ ባለ 44ቱ (0.44 ኢንች የሚባለው) ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግሬይን (ከ1.3 እስከ 1.6 ግራም ገደማ) ላይ ነው ልብ የሚገዛው፣ ኳሱ ወደ ሲሊንደሩ አፍ እንዲጠጋ ደግሞ ባሩዱ ላይ የበቆሎ ዱቄት ይጨመራል (አዎ፣ የገንፎው)። ኮልቶቹ ሌላም አመል አላቸው፣ የኋላ ማነጣጠሪያቸው መዶሻው ላይ ያለች ጭረት ብቻ ናትና 25 ሜትር ላይ ግማሽ ስንዝር፣ አንዳንዴም አንድ ስንዝር ሙሉ ወደ ላይ ይመታሉ። ያንን ሳታውቅ ወደ ጫካ ከገባህ አጋዘኑ ጀርባ ላይ ያለውን አየር ነው የምታቆስለው።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ተስተካከለ እንበል። አሁንም የባለ 44ቱ ኳስ ክብደቱ 9 ግራም ገደማ ነው፣ በሰከንድ 260 ሜትር ቢወጣ ጉልበቱ 300 ጁል አካባቢ ነው፣ ማግነም የሚባለው ዘመናዊ 44 ከዚህ ሦስት አራት እጥፍ ይበልጣል። ክቡ ኳስ ደግሞ ርቀት ሲጨምር ቶሎ ነው የሚደክመው። ዎከር እስከ 60 ግሬይን ስለሚጎርስ የተሻለ ነው፣ ግን ሁለት ኪሎ ብረት በእጅ ዘርግቶ አለመንቀጥቀጥን እኔ አልችልም። ባለ 36ቱን ለአጋዘን የሚያስብ ሰው ካለ ይተወው፣ ለጥንቸል ይሁን።

ስድስት ጎራሽ ነው ብሎ ስድስት ዕድል አለኝ የሚልም አለ። የመጀመሪያው ሲተኮስ ጭሱ ፊትህን ይጋርደዋል፣ የተሰነጠቀው ካፕ (መዶሻው ሲመታው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) መዶሻው ሥር ገብቶ ሲሊንደሩን ሊነክሰው ይችላል፣ ሌሊቱን በእርጥበት ካደረ ደግሞ መክሸፍም አለ። ያለህ ጥይት አንድ ነው ብለህ ግባ።

ሕጉም አለ። የፌደራሉ ሕግ ከ1968 ጀምሮ እነዚህን ቅጂዎች እንደ አንቲክ (የጥንት ዕቃ) ስለሚያያቸው ሰው ሁሉ ነገር የተፈቀደለት ይመስለዋል፣ የአደን ሕግ ግን የየስቴቱ ነው። እዚህ ቴክሳስ ለምሳሌ ሲሊንደር ውስጥ የሚጎርስ መሣሪያ በአፈሙዝ ጎራሾች (በበርሜሉ አፍ በኩል ብቻ በሚጎርሱት) ልዩ የአደን ወቅት አይቆጠርም።

እኔ ለራሴ ያወጣሁት ልክ 25 ሜትር ነው፣ እሱም ክንዴን ግንድ ላይ አስደግፌ፣ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ሜዳ) ላይ አምስት ተኩሼ አምስቱም ትንሽ የወረቀት ሰሃን ውስጥ ካረፉ ብቻ። ለጓደኛዬ ስነግረው «25 ሜትር ድረስ የሚያስጠጋ አጋዘን ከየት ይመጣል?» አለኝ። ዎከሩን ግን አዟል። ቅዳሜ ሬንጅ እንሄዳለን፣ ሰሃኑን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።