የፊኔዎስ ዘመዶች

የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ መግቢያው በነፃ ነው። ለዚህም ይሆናል ሰዉ ፊቱን ለስልኩ፣ ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ የሚገተረው። የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የሉካ ጆርዳኖን ሥራ ሰሞኑን ያየሁት በትከሻና በትከሻ መሃል አንገቴን አስግጌ ነው። ወርዱ 3 ሜትር ከ66፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ85 የሆነ ሸራ እንዴት በሰው ጭንቅላት ይጋረዳል?

ሥዕሉ በ1680ዎቹ መጀመሪያ የተሣለ የሰርግ ድብድብ ነው። ሙሽራው፣ የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግናው ፔርሴዎስ፣ ሰማያዊ ለብሶ የተቆረጠውን የጭራቋን የሜዱሳን ራስ ወደ ጠላቶቹ ዘርግቷል፤ እሷን ያየ ድንጋይ ይሆናልና የራሱን ፊት አዙሯል። የአጥቂዎቹ ገላ አመድማ መልክ ይዟል። ጦር እንደጨበጡ፣ አፍ እንደከፈቱ መድረቅ!

ሙሽሪት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት፤ ያኔ ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት የለ! ሮማዊው ኦቪድ በአንድ ግጥሙ ጠይም ብሏታል። ሩበንስን የመሳሰሉት የ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ (የባሮክ) ሠዓሊዎች ግን እንደ ወተት አንጥተዋታል። ይህን ቂም አልተውም።

ጠቡን የጫረው አጎቷ ፊኔዎስ ነው፤ "ለእኔ ታጭታ ነበር" ባይ። ለባሕር አውሬ ቀለብ ልትሆን ቋጥኝ ላይ ስትታሰር ቆሞ አይቷል። ኬፌዎስም ይህንኑ አንስቶ ወቅሶታል። ፔርሴዎስ አውሬውን ገድሎ ድግሱ ሲቀርብ ግን ሰውየው ከነጭፍራው ከተፍ። "ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ ፊኔዎስ ግን መቀንጠሱም ቀርቶበት ወጡን ሊያማርር የመጣ ነው።

እኛም ቤት አንድ አለ። አባቴ ታሞ ስንንከራተት ስልኩን ዘግቶ የከረመ የእናቴ ወንድም፣ በእህቴ ሰርግ "እኔ ሳልጠየቅ ልጅ ተዳረች?" ብሎ ዳሱን ቀወጠው። ሽማግሌዎች እግሩ ላይ ወደቁ። የእርቁ ዋጋ የክብር ወንበርና ቁርጥ ሆነ፤ ያውም ከሻኛው! ባስታወስኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። አልበሙን ብትከፍቱት ደግሞ በየፎቶው ለሙሽሮቹ ጀርባውን ሰጥቶ ተገትሯል፤ ጋለሪ ውስጥ ያሉትም የሱ ዘመዶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ፔርሴዎስስ ፊቱን ያዞረው ላለመሞት ነው።

እናቴ "አጎትህ አይደል፤ ተወው" ትላለች። ለጥር ታናሽ ወንድሜ ያገባል። የመጀመሪያው የጥሪ ካርድ ለአጎቴ ሄዷል።