«ለሽማግሌ አላከራይም»

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቴንም አልደብቅም። እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ ከልጅ ልጆቻችን አጠገብ የምንኖርባት አንዲት ቤት እየፈለግን ነው። የገንዘባችንን ማነስ እያወቅን ነው የተነሳነው። ያላሰብነው ነገር ቢኖር ዕድሜያችን ራሱ እንደ ጥፋት ተቆጥሮ በር የሚያዘጋብን መሆኑን ነው።

እኔ መምህር ነበርኩ፣ ባለቤቴ ነርስ። ጉልበታችንን የጨረስነው ደሴ ነው። ሴት ልጃችን ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ሰሚት ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ባልና ሚስቱ ተቀጣሪዎች ስለሆኑ ከሥራ የሚወጡት 11፡30 ላይ ነው፤ ለታክሲ ተሰልፈው ቤት ሲደርሱ ጨልሟል። ልጆቹ ግን ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት 9፡30 ነው። በመሐል ያለውን ሰዓት የምትሸፍነው የቤት ሠራተኛ ነበረች። አንዷ ወደ አረብ አገር ሄደች፣ ቀጥላ የመጣችው የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ለቀቀች። ሠራተኞቹ ለፍተው የሚያድሩ ናቸውና አልወቅሳቸውም። ሁለተኛዋ በለቀቀች ሳምንት ግን የአምስት ዓመቱ ልጅ የምሳ ዕቃውን ታቅፎ ከትምህርት ቤቱ የጥበቃ ቤት አግዳሚ ላይ እናቱን ሲጠብቅ አመሸ። ጥበቃው ጋቢውን አልብሶት ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ልጃችን ይህን በስልክ ስትነግረን ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች። «እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ማንን ነው የምንጠብቀው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ያን ዕለት ለመሄድ ወሰንን።

«ታዲያ ከልጃችሁ ጋር ለምን አትኖሩም?» የሚለን ሰው ብዙ ነው። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። አንዱ መኝታ የባልና ሚስት ነው፣ አንዱ የልጆቹ። ለኛ የሚተርፈው ሳሎኑ ነው። አማቻችን ጨዋ ልጅ ነው፣ ፊቱ አንድም ቀን ጠቁሮብን አያውቅም። ግን የሰው ልጅ ደክሞ ቤቱ ሲገባ ሸሚዙን አውልቆ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። አማቶቹ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ሲተኙ ልጁ በገዛ ቤቱ በእግሩ ጣት ሊሄድ ነው። ይህን ለዓመታት ልንጭንበት አንፈልግም። አጠገባቸው ሆነን ማታ ማታ ወደ ቤታችን እንግባ ነው ያልነው። ይህ ቅንጦት ነው?

የጡረታን ነገር ለማታውቁት ላስረዳ። እኔ 38 ዓመት አገልግዬ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ምንም ያህል ብታገለግል ከ70 በመቶ አያልፍም። የኔ 65 በመቶ ሆነ። የምን 65 በመቶ? የዚያን ጊዜ የመምህር ደመወዝ ነዋ! ከዚያ ወዲህ ጭማሪ ቢደረግም የጤፍና የዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ ለናንተ አልነግርም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላማ የመድኃኒቱም ዋጋ አስደንጋጭ ሆኗል። የባለቤቴን ጡረታና የደሴዋን ቤታችንን ኪራይ ደምረን፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን ቀንሰን፣ ለቤት ልናወጣ የምንችለው 8 ሺህ ብር ነው። ልጆቻችን 4 ሺህ እንጨምራለን አሉ። 12 ሺህ ሆነ።

የደሴዋን ቤት ሸጠን እንዳንገዛ፣ በዋጋዋ ሰሚት አካባቢ ስቱዲዮ እንኳ አይገኝም። ብድር ስንጠይቅ ባንኩ ዕድሜያችንን ጠየቀና ጨዋታው በዚያው አለቀ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንኳን ከክፍለ ሀገር ለመጣን ለኛ፣ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው ለቆጠቡት የአዲስ አበባ ሰዎችም ስንት ዓመት እንዳስጠበቃቸው ታውቃላችሁ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣም ተሰርዟል። ስለዚህ ያለን ምርጫ ኪራይ ብቻ ነው።

በ12 ሺህ ብር የሚያሳዩን ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው። እነዚህ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም። ምድር ቤቱ አብዛኛው ሱቅ ነው፤ አንደኛ ፎቅ ተፈላጊ ስለሆነ ዋጋው ሌላ ነው። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል። አንዱን ቤት ለማየት ስንወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ። ደላላው ከላይ ሆኖ «እናታችን፣ ትንሽ ነው የቀረው!» ይላል። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲጠፋ ጄሪካን ተሸክሞ የሚወጣው ማን ነው? ደረጃው እንኳ ቢቻል፣ የልጅ ልጆቻችንን ለማምጣት በቀን ስንት ጊዜ ልትወርድና ልትወጣ ነው? «ታዲያ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ረከስ ያለ አለ» ይሉናል። እኛ የምንፈልገው ቅርበት ነው እኮ! ልጁ በ9፡30 ሲለቀቅ ከዚያ ተነስተን ታክሲ ስንቀያይር እሱ እንደገና ጥበቃ ቤት ሊቀመጥ ነው።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው። በስንት ፍለጋ አንድ አንደኛ ፎቅ ተገኘ፤ ከልጃችን ሕንፃ በእግር አምስት ደቂቃ። ዋጋው 13 ሺህ ነበር፣ ልጄ አንዱን ሺህ እኔ እችላለሁ አለች። ባለቤትየዋ መጥታ አየችን። በዕድሜ እኔ ያስተማርኳቸውን ልጆች የምታክል ሴት ናት። «የሚኖሩት ማናቸው?» አለች። «እኛ ነን፣ እኔና ባለቤቴ» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «አባባ፣ ቅር አይበልዎትና፣ እኔ ለሽማግሌ አላከራይም። ድንገት አንድ ነገር ቢሆኑ ድንኳኑን የት ልንጥል ነው? ሕንፃው ግቢ የለውም።» ባለቤቴ ፊት ነው ይህን የተናገረችው! ቆሜ ቀረሁ። ሞታችንን ቀድማ አስልታ ለልቅሶው ቦታ አጣችለት።

እሷ ብቻ ብትሆን ኖሮ እተወው ነበር። ሌላው «ልጃችሁ በስማቸው ይዋዋሉ፣ እናንተን ውሉ ውስጥ ለምን አስገባለሁ?» አለ። ሌላዋ «ጡረታ ገቢ ነው እንዴ?» አለች። እንዴት ገቢ አይሆንም? ጡረታ በየወሩ ባንክ ይገባል። ሥራ ፈታሁ ብሎ የሚያቋርጥ ጡረተኛ የለም። አንሰክር፣ አንጮህ፣ ሌሊት በር አናስከፍት፣ በተከራየነው ቤት ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት እንኳ ባለቤቱን የምናስፈቅድ ሰዎች ነን። አከራይ ሁሉ ጸጥ ያለ ተከራይ እፈልጋለሁ ይላል፤ ከኛ የባሰ ጸጥ ያለ ከየት ሊያመጣ ነው?

ሕግ አለ ትሉኝ ይሆናል። አዎ አለ፤ አንብቤዋለሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ተጽፎ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዝዛል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። እኛን የጠየቁን ግን የስድስት ወር ቅድሚያ ነው። በ13 ሺህ ቤት ሕጉ 26 ሺህ ሲል እነሱ 78 ሺህ ይላሉ። አዋጁን ስጠቅስላቸው «እንግዲያው በአዋጁ የሚያከራይ ፈልጉ» ይሉኛል። አንዱ ደግሞ ውሉ ላይ ግማሹን ዋጋ ጽፈን እናስመዝግብ፣ ቀሪውን በእጅ ትሰጠኛለህ አለኝ። 38 ዓመት ልጆችን አትዋሹ ስል ኖሬ በዚህ ዕድሜዬ በሐሰት ሰነድ ላይ አልፈርምም። እሺ ብልስ፣ ነገ ኪራዩን ቢያንረው በየትኛው ወረቀት ልከሰው ነው? አዋጁ የሚጠብቀው ውል የያዘውን ተከራይ ነው። ገና በሩ ላይ ቆሞ በዕድሜው የተመለሰው ሰው ምን ብሎ ለወረዳው ያመለክታል? አንድ የወረዳ ሠራተኛ ስጠይቀው «አባቴ፣ ሰው ንብረቱን ለፈለገው ያከራያል» ብሎ አሰናበተኝ።

ባለቤቴ አሁን «እንተወው፣ እንመለስ» ማለት ጀምራለች። እኔ ግን አልተውም። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚያውቀው ፊት በሩ ላይ ቆሞ ሊጠብቀው ይገባል።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ወይም እዚያው አጠገብ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ስቱዲዮም ሆነ አንድ መኝታ የምታከራዩ፣ ወይም ግቢያችሁ ውስጥ መጸዳጃ ያላት ሰርቪስ ቤት ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እስከ 13 ሺህ ብር እንችላለን። የሁለት ወሩን ቅድሚያ ዛሬውኑ እከፍላለሁ፤ ውሉን ግን በትክክለኛው ዋጋ ወረዳ ሄደን እናስመዘግባለን።