ዋሽንት በተነፋ ቁጥር ባንክ ይመጣል

ማስታወቂያ ሠሪዎች፣ በፈጠራችሁ አምላክ እናቶቻችንን ተዉልን!

እንቁጣጣሽም ይሁን ገና ወይ ፋሲካ፣ ታሪኩ ያው ነው። ጭር ያለ ግቢ። የአገር ልብስ የለበሱ እናት በር በሩን ያያሉ። ዋሽንት ይነፋል። ረከቦቱ ሙሉ ነው፣ ጠጪ የለም። ከዚያ ሻንጣ የሚጎትት ልጅ ቀስ ብሎ ይገባል። እቅፍ፣ እንባ፣ እልልታ። እኔም ሳግ ሊይዘኝ ሲል ምን ብቅ ይላል? የባንክ አርማ! ስለ ወለዱ ትንፍሽ የለም። ስለ ብድሩ ትንፍሽ የለም። በዘወትር ቀን መስኮቱ ጋ ስንደርስ «ሲስተም የለም» ብለው የሚመልሱን ሰዎች ናቸው እንዴ በዓል ሲሆን ስለ እናቴ ሆድ የሚብሳቸው?

እናቴ ደግሞ የእውነቷን ታለቅሳለች። እህቴ ቤይሩት ናት። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዛባታለች። በበዓል ዋዜማ ሻንጣ እየጎተተች አትመጣም። ማስታወቂያው እናቴን እንባዋ ላይ ጥሏት ወደ ሳሙና ይሄዳል። ሳሙናው እየጨፈረ ሳለ እሷ ገና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

አስቂኝ የሚባለውም ቢሆን አያድርስ ነው። ኮሜዲያኑ ዓይኑን ያፈጣል፣ ይጮኻል፣ ይንከባለላል። ሚስት ባሏን በማማሰያ ታባርራለች። ስልክ ቁጥሩ እንደ አዋጅ ይለፈፋል። ግን ምረጥ ካላችሁኝ እሱን እመርጣለሁ። ቢያንስ ሊሸጥልኝ እንደመጣ አልደበቀኝም። ደግሞ ቀልድ ካላሳቀ አላሳቀም፣ ሕፃንም ያውቅበታል። ለእንባ ግን እናትና ዋሽንት ከተገኙ ማን ያቅተዋል?

ማስለቀስ አይቻልም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የታይላንድ የሕይወት ዋስትና ድርጅት የሠራውን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰውዬው ከላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ሥር የደረቀ ተክል ያስጠጋል። ለውሻ ምግቡን ያካፍላል። ለአሮጊቷ ጎረቤቱ በር ላይ ሙዝ ያንጠለጥላል። ከእናቷ ጋር ለምትለምን ልጅ ብር ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ዩኒፎርም ለብሳ ትመጣለች። እዚያ ውስጥ ሰው አለ፣ ሰፈር አለ። የእኛዎቹ ዝግታውንና ሙዚቃውን ኮረጁ፣ ሰውየውን ረሱት።

አንዳንዴ ቢራው ይሻል ነበር ልል ይቃጣኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ። ደግ አደረገ፣ ለልጆቹ ስል ደግፌዋለሁ። ግን ያ ሁሉ ጭፈራና ፉከራ ሲሄድ ቦታውን ልቅሶ የወረሰው የሚመስለኝ እኔን ብቻ ነው?

ቀልድ ጠፍቶብን እኮ አይደለም። ሬሳ ቀብረን በተመለስንበት ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወትን የምንሳሳቅ ሰዎች ነን። ታዲያ ባንኩ ምን ያስፈራዋል? ወረፋ የያዘ ጎረምሳ ሲስተም እስኪመጣ ሲሸብት፣ ጥበቃው ከዘራ ሲያቀብለው ያሳየን። በራሱ የሳቀ ባንክ ቢገኝ በማግስቱ ሄጄ ደብተር አወጣለሁ። እናቴንም ይዣት ነው የምሄደው።